ስህተት ቢመጣ ዝም ብለህ ቀጥል

ብሪጅዋተር በምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ፣ ከጫማ ጠጋኙ ሱቅ በላይ ባለች አንዲት ክፍል፣ ሃያ ሁለት ዓመት ፕሮግራም ጽፌያለሁ። የትልልቅ ድርጅት ሥራ ደርሶኝ አያውቅም። የዓሣ ፋብሪካው የሠራተኛ ሰዓት መቆጣጠሪያ፣ የጥርስ ሐኪሙ የቀጠሮ መዝገብ፣ የገና ዛፍ የሚያለሙት ሰዎች የማሳ ዝርዝር፤ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ባለ ኮምፒውተር ተጭነው ዓመት ካመት የሚያገለግሉ፣ ማንም የማያደንቃቸው ፕሮግራሞች የእጄ ሥራ ናቸው። ሮዝሊን ሂመልማን ብላችሁ ብትጠይቁ የሚያውቀኝ ጥቂት ነበር፤ «የኮምፒውተሯ ሴትዮ» ካላችሁ ግን በሬ ድረስ ያደርሷችሁ ነበር። አሁን ስሜን የማያውቅ የለም።

በኛ አካባቢ ከከተማ ወጣ ብሎ የሚኖር ሰው ሁሉ የሚጠጣው ከገዛ ጉድጓዱ ነው። ዐለቱ ደግሞ አርሴኒክ አለበት፤ ሽታም ጣዕምም ቀለምም የሌለው መርዝ። ስለዚህ ሰው ውኃውን በጠርሙስ ቀድቶ ላቦራቶሪ ይወስዳል፣ ሁለት ሳምንት ይጠብቃል፣ ደብዳቤ ይመጣለታል። በአንድ ሊትር የተገኘው አርሴኒክ ከአሥር ማይክሮግራም ካላለፈ እፎይ ብሎ ይጠጣል። ካለፈ ማጣሪያ ይገዛል። ነገሩ ይኸው ነው።

የላቦራቶሪውን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጸሐፊዋ ሜልባ የባለጉድጓዱን ስም ትመዘግባለች። አዲስ መዝገብ ሲከፈት የአርሴኒኩ ቦታ ላይ ዜሮ ይቀመጣል። መርማሪው ሌስተር ውጤቱን ሲያስገባ ፕሮግራሙ መዝገቡ ሁሉ ለተከማቸበት ዳታቤዝ ትእዛዝ ይልካል፤ ስሙ እንዲህ የሆነውን ሰው ፈልግና በዜሮው ፋንታ ይህን ቁጥር ጻፍ ይለዋል። በስም ሳይሆን በናሙና ቁጥር መፈለግ ነበረበት፤ ይህን ያን ጊዜም አውቅ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ግሌንደን ራፊዩስ ግን «ሰዎቹ ጠርሙሱ ላይ ቁጥር አሳስተው ነው የሚጽፉት፣ በስም ይሁን» አለኝ፤ እኔም እሺ አልኩ። ሥራ አስኪያጅ ሲያዝ እሺ ማለት ቀላል ነው።

በ2006፣ ጁን ወር ውስጥ፣ አንድ ዓርብ ሜልባ ደወለችልኝ።

«ያ ልጅሽ እያለቀሰ ነው፣ የኔ ቆንጆ» አለችኝ። ፕሮግራሙን ልጅሽ ነው የምትለው። «ሌስተር ውጤት ባስገባ ቁጥር ባይሆንም አንዳንዴ ቀይ ምልክት እያወጣ ይጮኻል። ‹የአጻጻፍ ስህተት› ምናምን ይላል።»

ስደርስ ግሌንደን ጃኬቱን ለብሶ በር ላይ ቆሟል። ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ የላቦራቶሪውን ፈቃድ የሚያድሱት ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ።

«ያን ቀይ ነገር አጥፊልኝ» አለ።

«በምን ምክንያት እንደሚመጣ መጀመሪያ ልይ። አንድ ሰዓት ስጠኝ።»

«ሰዎቹ ሃምሳ ደቂቃ ነው የቀራቸው። እነሱ ፊት ብቅ ካለ ምን ልበላቸው?»

«ምክንያቱን ሳላውቅ ብዘጋው...»

«እንድታውቂ አልጠየቅኩሽም ሮዝሊን። ዝም እንዲል ነው የጠየቅኩሽ።»

ፕሮግራሙን በጻፍኩበት ቋንቋ አንዲት ትእዛዝ አለች፤ ትርጉሟ «ስህተት ቢመጣ ዝም ብለህ ቀጥል» ማለት ነው። ከአንድ የፕሮግራም ክፍል በላይ ካስቀመጧት ከዚያ በታች ምንም ቢበላሽ ፕሮግራሙ ቃል አይተነፍስም፤ የከሸፈውን ትቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ጀማሪዎችን ስናስተምር አትንኳት የምንላት ናት። ጻፍኳት። ከጎኗም ማስታወሻ አኖርኩ፦ «ለጊዜው። ሰኞ ይታያል። ሮ.ሂ.»

ለሜልባም «ሰኞ እመለሳለሁ» አልኳት።

«ዝም ካለልኝ በገናም ብትመጪ ግድ የለኝም» ብላ ሳቀች።

ተቆጣጣሪዎቹ መጡ፣ አዩ፣ ፈረሙ፣ ሄዱ። ሰኞ የዓሣ ፋብሪካው ኮምፒውተር ተቃጠለና ሦስት ቀን እዚያ ዋልኩ። ሐሙስ የጥርስ ሐኪሙ ጠራኝ። ሰኞ የሚባለው ቀን ከዚያ በኋላ ሁለት መቶ ጊዜ መጣ፤ እኔ ግን አልተመለስኩም። እውነቱን ለመናገር ረሳሁት እንኳ አልልም። አንዳንድ ጊዜ መኪና ስነዳ ትዝ ይለኝ ነበር። የሚያማርር ሰው ስላልነበረ ተውኩት።

አራት ዓመት አለፈ።

በ2010 ሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ ሜልባ እንደገና ደወለች። «ግሌንደን ይፈልግሻል» ብቻ ብላ ዘጋችው። የኔ ቆንጆ አላለችኝም።

ግሌንደን ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ ጠበቀኝ። አንዱ የራሱ ላቦራቶሪ በ2006 የጻፈው ደብዳቤ ነው፤ ሮዝ ቤይ ለምትኖር ቨርና ዴ'ኦን ለምትባል ሴት፣ አርሴኒክ ዜሮ፣ ውኃዎ ለመጠጥ ተስማሚ ነው ይላል። ሁለተኛው ከሃሊፋክስ የመጣ ነው። ሴትየዋ የፊኛ ካንሰር ይዟት ሐኪሟ «የጉድጓድ ውኃ ትጠጫለሽ ወይ?» ብሎ ሲጠይቃት ዜሮ የሚለውን ደብዳቤ አውጥታ አሳየችው። ሐኪሙ ተጠራጣሪ ሰው ነበር። ውኃው እንደገና እንዲመረመር አደረገ። መቶ ሠላሳ ዘጠኝ።

«ጠርሙስ ተምታቶ ነው» አለ ግሌንደን። «ወይ ሌስተር አሳስቶ ጽፏል።»

ሌስተር፣ መርማሪው፣ ዓመቱን ሙሉ ከአሥር ቃል በላይ የማይናገር ሰው ነው። ወደ ጓዳ ገባና የ2006ን ደብተር ይዞ ተመለሰ። ማሽኑ የሰጠውን ቁጥር ሁሉ በእስክሪብቶ የሚገለብጥበት የራሱ ደብተር ነው፤ ማንም አድርግ ያለው የለም። ገጹን ገልጦ ጣቱን አስቀመጠበት። ዴ'ኦን፣ መቶ አርባ ሁለት።

ማሽኑ ልክ ነበር። ሌስተር ልክ ነበር። ሦስታችንም ወደ ኮምፒውተሩ ዞርን።

ሜልባ ወንበሯን ለቀቀችልኝና ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የሙከራ መዝገብ ከፈትኩ፤ ዝዊከር የሚል ስም ሰጠሁት፣ ውጤቱን ሰባት ብዬ አስቀመጥኩ። መልሼ ስከፍተው ሰባት ይላል። ሌላ ከፈትኩ፤ ዴ'ኦን አልኩት፣ ሰባት ብዬ አስቀመጥኩ። ኮምፒውተሩ ምንም አላለም፤ «ተቀምጧል» የሚለውን መልእክት እንኳ እንደወትሮው አሳየኝ። መልሼ ስከፍተው ዜሮ።

«እንደገና አድርጊው» አለች ሜልባ።

እንደገና አደረግኩት። ዜሮ።

ወደ ኮዱ ገባሁ። ውጤት የሚያስቀምጠውን ክፍል ከመክፈቴ በፊት እዚያ ምን እንደሚጠብቀኝ አውቄዋለሁ። ነበረች። «ለጊዜው። ሰኞ ይታያል። ሮ.ሂ.»

መስመሯን አጠፋሁና ፕሮግራሙን አስነሣሁት። ዴ'ኦን፣ ሰባት፣ አስቀምጥ። ቀዩ ምልክት ብቅ አለ። በትእዛዙ ውስጥ የአጻጻፍ ስህተት አለ ይላል፤ ከሥሩም ስህተቱ የት ቦታ እንደሆነ ቁልጭ አድርጎ ይናገራል፤ ‹ኦን› ከሚለው ቃል አጠገብ። ያን ዓርብ አንብቤው ቢሆን ኖሮ በቂ ነበር።

«ይሄን አውቀዋለሁ» አለች ሜልባ ቀስ ብላ። «ይሄ ያኔ የሚጮኸው ነው።»

ግሌንደን «ምንድነው የሚለው? በሰው ቋንቋ ንገሪኝ» አለ።

ነገርኩት። ዳታቤዙ ስም የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን የሚያውቀው በነጠላ ጭረት ነው፤ ከፊደል በላይ በምትንጠለጠለው። ዴ'ኦን የሚለው ስም መሃሉ ላይ ያቺው ጭረት አለችው። ስለዚህ ዳታቤዙ «ዴ» ላይ ሲደርስ ስሙ ያለቀ ይመስለዋል፤ የተረፈው «ኦን» ምን እንደሆነ ግራ ይገባዋል፤ ትእዛዙን አልቀበልም ይላል። ሜልባ ስም የምትመዘግብበት ገጽ በሌላ መንገድ ስለሚሠራ ጭረቷን ያለ ችግር ይቀበላል። ውጤቱ ግን አይገባም። ዜሮው እንዳለ ይቀራል። ዜሮው ደብዳቤ ላይ ይታተማል።

«እና ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል ማስተካከሉ?»

አሥር ደቂቃ ፈጀ። ትእዛዙ ከመሄዱ በፊት ጭረቷን ሁለት ጊዜ እንዲጽፋት ማድረግ ብቻ ነው፤ ዳታቤዙ ሁለት ስትሆን የስሙ አካል መሆኗን ይረዳል። ሰዓቴን አይቼ ነው አሥር ደቂቃ የምለው።

ከዚያ እኔ ጭረት ያለበትን ስም ሁሉ ከመዝገቡ አወጣሁ፣ ሌስተር ከደብተሩ እውነተኛውን ቁጥር አነበበ፣ ሜልባ ጻፈች። አሥራ አንድ ቤተሰብ። ኦ'ሄርን፣ ሦስት። ዲ'አርሲ፣ ስድስት። ሰባቱ ከአሥር በታች ናቸው። አራቱ በላይ፤ ከአራቱ ከፍተኛዋ ቨርና ናት።

ግሌንደን ዝርዝሩን ሁለቴ አነበበው።

«እሺ» አለ። «ለቀሩት ሦስቱ ‹ለመደበኛ ክትትል አዲስ ናሙና ላኩ› ብለን እንጽፍላቸዋለን። ሲመጣ እንመረምረዋለን፣ ያኔ እውነተኛውን ቁጥር እንነግራቸዋለን። ማንም አይደነግጥም።»

«እስከዚያ ይጠጡታል» አልኩት።

«አራት ዓመት ጠጥተውታል ሮዝሊን። ሦስት ሳምንት ምን ይጨምርበታል?»

ከአፉ ካወጣው በኋላ ራሱም የሰማው መሰለኝ፤ ወደ መስኮቱ ዞረ። እኔ መልስ እየፈለግኩ ሳለ ሜልባ መነጽሯን አጥልቃ፣ ዝርዝሩን ከፊቱ አንሥታ፣ ስልኩን ወደ ራሷ ሳበች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እደውላለኋ።»

«ሜልባ፣ ያን ስልክ ካነሣሽ ነገ እዚህ አትመጪም። የደንበኛ መረጃ ነው፣ የምፈቅደው እኔ ነኝ።»

«ጡረታዬ ሊደርስ ሰባት ወር ነው የቀረኝ» አለች፤ ቁጥሩን እየነካች። «እንግዲህ ሰባት ወር ሙሉ ፊትህን ከማይ...» አልጨረሰችውም፤ ሰው አንሥቶ ነበር። «ሄሎ፣ ወይዘሮ ኦ'ኩዊን? ከውኃ ላቦራቶሪው ነው። አዎ። እባክዎ ከቧንቧዎ አይጠጡ። አይ፣ አፍልተውም ቢሆን። ማፍላት አያጠፋውም።»

ሦስቱን እሷ ደወለችላቸው። ለቨርና የሚነገር አዲስ ነገር አልነበረም፤ ቁጥሩን ከሃሊፋክስ ሰምታለች። የማታውቀው ምክንያቱን ነው። እሱን እኔ እነግራታለሁ አልኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ሮዝ ቤይ ሄድኩ። ባልዋ አልሲድ ዴ'ኦን ጋራዡ ውስጥ ሎብስተር የሚባለው የባሕር እንስሳ የሚያዝበትን ወጥመድ ይጠግን ነበር። ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ከሚኖሩበት ከፐብኒኮ ነው የመጣው፤ እዚያ ግማሹ መንደር ዴ'ኦን ነው፤ ቨርናን አግብቶ ወደኛ ወረዳ ከመጣ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። ማን እንደሆንኩ ስነግረው እጁን በጨርቅ ጠርጎ ወደ ቤት አስገባኝ፤ ከላቦራቶሪው ይቅርታ ለመጠየቅ የተላከች ጸሐፊ መስዬው ነበር።

ቨርና ወጥ ቤት ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣለች። ራሷን በሰማያዊ መሐረብ አስራለች። ያልተነካ የድንች ሾርባ ፊቷ አለ። ትልቅ ሰው አይደለችም፤ ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው። በሽታው ግን አሮጊት አድርጓት ነበርና «እርስዎ» አልኳት።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ጭረቷን፣ ዜሮውን፣ ቀይ ምልክቱን፣ ዓርቡን።

«ጭረቷ ናት?» አለች ቨርና። «እሱ ስም ላይ ያለችው?»

«አዎ።»

«እኔ የዚንኮች ልጅ ነኝ። ቨርና ዚንክ ብዬ ልኬው ቢሆን ኖሮ እውነቱን ይጽፉልኝ ነበር ማለት ነው?»

«አዎ።»

ወደ ባልዋ ዞረች። «እናቴ ካንተ ጋር እንዳልጋባ የነገረችኝ ለሌላ ምክንያት ነበር» አለችው። ልትቀልድ ፈልጋ ነው፤ እሱ ግን ፊቱ አልተፈታም።

«ማን ነው እንዲያ አድርጎ የጻፈው?» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ ራስሽ?»

«እኔ ራሴ።»

«አውቀሽ?»

«መልእክቱን ዝም ያሰኘሁት አውቄ ነው። ምን እንደሚል አላነበብኩትም።»

«አላነበብሽም» አለ። አልጮኸም። ቃሉን እንደ ሰማው አድርጎ መልሶ አስቀመጠው። «ማጣሪያ ገዝቼ ነበርኮ። ካርቶኑ እዚያ፣ በሩ ጋ ተቀምጦ ነበር። ጎረቤቶቹ ሁሉ ገጠሙ፣ እኔም ልገጥም ነበር። ከዚያ ደብዳቤው መጣ። ዜሮ! በዚህ ሁሉ ዳርቻ ዜሮ የወጣለት ሰው የለም። ማጣሪያውን ለሱቁ መለስኩት። ለሰው ሁሉ አወራሁ። ክረምት ክረምት እኔ ባሕር ላይ ነኝ፣ የጀልባውን ውኃ ነው የምጠጣው። እሷ ናት እቤት ሆና ቀኑን ሙሉ ሻይ የምታፈላው።»

«አልሲድ፣ ተው» አለችው።

«ምኑን ልተው?»

ተነሥቶ ወጣ። የጋራዡ በር ሲዘጋ ሰማን። ቨርና ማንኪያዋን ሾርባው ውስጥ አዞረች፣ አልቀመሰችውም።

«ለምን መጣሽ?» አለችኝ።

«ከጠበቃ ወይም ከጋዜጣ ከሚሰሙት ከኔ ይስሙት ብዬ ነው።»

«ለኛ ብለሽ ነው ወይስ እንቅልፍ እንዲወስድሽ?»

ጥሩ መልስ ቢኖረኝ እስካሁን ትዝ ይለኝ ነበር።

«ቢሆንም መጥተሻል» አለች። «ሥራ አስኪያጁ አልመጣም። ግን ደግመሽ አትምጪ። እሱ አይችለውም።»

ቀሪው በሃሊፋክስ ጠበቆች እጅ ነበር። እኔ ቃሌን ሰጠሁ፤ መስመሯን፣ ማስታወሻዋን፣ ግሌንደን ያለኝን ሁሉ ተናገርኩ። እሱ «ዝም እንዲል አልኩ እንጂ ውጤት ይጥፋ አላልኩም» አለ፤ ቃል በቃል ከወሰዳችሁት ውሸት አይደለም። የላቦራቶሪው ጠበቃ ደግሞ ከሰውነቷ ካንሰር ውስጥ የትኛው በውኃው፣ የትኛው በዕድል እንደመጣ ለይቶ ሊነግረኝ የሚችል ሐኪም አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። የለም። ቨርና በሃያ ዓመቷ ሲጋራ ታጨስ እንደነበር እንድትናገር አደረጋት። በሃያ አምስት ዓመቷ አቁማለች። ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ፤ ስለ ስምምነቱ ማንም እንዳይናገር ፈረሙ።

ወረቀቱ ላይ ጥፋቱ የኔ ሆነ። «በውጭ ባለሙያ የተጻፈ የፕሮግራም ጉድለት» ይላል። ትክክል ነው። ደንበኞቼ ሥራቸውን አንድ በአንድ ወሰዱ፤ የጥርስ ሐኪሙ ብቻ «ምን ይደረግ፣ ካንቺ በቀር ፕሮግራሙን የሚያውቀው የለም» ብሎ ቀረልኝ። ሜልባ የደንበኛ ምስጢር አውጥታለች ተብላ ስልኩን በደወለች በማግሥቱ ተሰናብታ ነበር፤ ሰባቱን ወር ሳትጨርስ። አሁን የእህቷን ልጆች ትጠብቃለች። ስንገናኝ ስለ አየሩ ብቻ ነው የምናወራው። አንድ ጊዜ ግን እኔ ሳልጠይቃት «‹በገናም ብትመጪ› ያልኩሽ እኔ ነኝኮ» አለችኝ። አንቺ በምን ታውቂ ነበር አልኳት። «አላውቅም ነበር። ግን ብዬዋለሁ» አለች።

ግሌንደን ዳርትመዝ ውስጥ ወዳለ ትልቅ ላቦራቶሪ ተዛወረ። የጥራት ኃላፊ አድርገውታል።

ቨርና በሚቀጥለው ኤፕሪል ሞተች። ቀብሩ ላይ አልሄድኩም፤ አትምጪ ብላኛለችና። መኪናዬን ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ፣ ከአንድ የበረዶ መጥረጊያ መኪና ጀርባ አቁሜ ሰዎቹ ሲገቡ አየሁ። ሌስተር ከረባት አስሮ መጥቶ ነበር። ከዚህ በፊት በከረባት አይቼው አላውቅም።

አልሲድን ያገኘሁት ከሁለት ወር በኋላ፣ ገበያ አዳራሹ ውስጥ ነው። የዓሣው ቦታ ወረፋ ይዤ ዞር ስል ከኋላዬ ቆሟል። ከስቷል። ሸሚዙን ካውያ አልነካውም። ወረፋዬን ትቼ ልሄድ አሰብኩና ተውኩት።

«አልሲድ» አልኩት።

አየኝ። ፊቴን የሚያውቅበትን ቦታ ሲፈልግ ታየኝ፤ ከዚያ አገኘው።

ሻጭዋ «ምን ልስጥህ አልሲድ?» አለችው፤ ተራዬን አልፋ።

«ሃዶክ። አንድ ቁራጭ» አላት። «ትንሹን።»

በወረቀት ጠቀለለችለት። ወሰደና ወደ መክፈያው ሄደ።